9 ሚሊ፣ 40 ወይስ 45? የሽጉጥ ጥይት ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች አሜሪካ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ሽጉጥ ከያዙ ወይም ለመግዛት ከተነሱ አንባቢዎች የመጡ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገናቸዋል። «ጥይት» ስንል ቀለሁን፣ ባሩዱንና አረሩን አንድ ላይ ነው፤ «አረር» ስንል ደግሞ ከአፈሙዙ የሚወጣውን ብቻ። 38፣ 380፣ 40፣ 45 የሚሉት ቁጥሮች የጥይት ዓይነት (ካሊበር) መጠሪያ ናቸው። ዓመተ ምሕረቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አነስተኛ ሱቅ አለኝ። ሽጉጥ ልገዛ ስነሳ አንዱ ወዳጄ «45 ካልሆነ አትግዛ፤ 9 ሚሊ ሰው አያቆምም» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ፖሊሱ ሁሉ 9 ሚሊ አይደል እንዴ የታጠቀው?» ይላል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለተኛውን ይስሙ። የመጀመሪያው ወዳጅዎም ቢሆኑ ዝም ብለው አላወሩም፤ የሚያወሩት ግን ስለ ድሮው ጥይት ነው።

የ45 ስም የገነነው አረር ሁሉ ድፍን በነበረበት ዘመን ነው። የአሜሪካ ጦር 45ን በ1911 ተቀብሎ እስከ 1985 በዋና ሽጉጥነት ሲይዘው የሚተኩሰው መዳብ የለበሰ ድፍን አረር ነበር። ድፍን አረር ሰውነት ውስጥ ገብቶ ቅርጹን አይለውጥም፤ ቀዳዳው የራሱን ያህል ነው። የ9 ሚሊ አረር ወርዱ 9.01 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ45ቱ ወደ 11.5 ይጠጋል። በፊት ገጽታው ስፋት ሲሰላ 45ቱ በ60 በመቶ ገደማ ይበልጣል። በድፍን ጥይት ከሆነ ውድድሩ 45 ያሸንፋል፤ ክርክር የለውም።

ነገሩን የለወጠው ሆሎ ፖይንት ነው። አፍንጫው የተቦረቦረው ይህ አረር እርጥብ ነገር ውስጥ ሲገባ ጎድጓዳው በፈሳሽ ይሞላል፤ ግፊቱም ጠርዙን ወደ ኋላ እየገለበጠ እንደ አበባ ይከፍተዋል። ድሮ ይህ አንዳንዴ የሚሠራ፣ አንዳንዴ የማይሠራ ነገር ነበር። ዛሬ የታወቁት ፋብሪካዎች የሚያወጡት 9 ሚሊ ብዙውን ጊዜ ከ0.55 እስከ 0.65 ኢንች፣ 40 ከ0.60 እስከ 0.70፣ 45 ደግሞ ከ0.65 እስከ 0.80 ኢንች ይከፈታል። ልዩነቱ አልጠፋም፤ ግን ጠቧል።

ከስፋቱ በፊት ግን ጥልቀቱ ይመጣል። ሚያዝያ 11 ቀን 1986 ማያሚ ላይ የኤፍቢአይ ወኪሎች ከሁለት የታጠቁ ዘራፊዎች ጋር ሲታኮሱ ከአንድ ወኪል ሽጉጥ የወጣ 115 ግሬን የሚመዝን 9 ሚሊ ሆሎ ፖይንት አንደኛውን ዘራፊ መታው። አረሩ ቀኝ ክንዱን ዘልቆ ደረቱ ውስጥ ገባ፣ ተከፈተ፣ ልቡ ጋ ሊደርስ አንድ ኢንች ያህል ሲቀረው ቆመ። ሰውየው መተኮሱን ቀጠለ፤ ሁለት ወኪሎች ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ። አረሩ የተሠራው እንዲከፈት ነው፤ ተከፍቷልም። የጎደለው ጥልቀት ነበር።

ዛሬ ጥይት የሚለካበት የኤፍቢአይ ፈተና የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው። የሚተኮሰው ሥጋን በሚተካ 10 በመቶ ጄላቲን ላይ ነው። ጄላቲኑ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቆያል፤ ከፈተናው በፊትም አንዲት የአየር ጠመንጃ የብረት ኳስ በሰከንድ 180 ሜትር ፍጥነት ትተኮስበትና 8.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ገብታ መቆም አለባት። ብዙ ከገባች ጄላቲኑ ልል ነው፣ ካነሰች ጠጥሯል፤ ውጤቱ አይያዝም። (በዩቲዩብ የሚታየው ብርጭቆ የመሰለ ጄላቲን አብዛኛው ሰው ሠራሽ ነው፤ ቁጥሩን ከዚህኛው ጋር አያወዳድሩ።) አረሩ በባዶው፣ በወፍራም ልብስ፣ በግድግዳ ጂፕሰም፣ በኮምፔንሳቶ፣ በቆርቆሮና በመኪና መስታወት በኩል እየተተኮሰ ይፈተናል። የሚፈለገው ከ12 እስከ 18 ኢንች ነው፤ በእኛ ልኬት ከ30 እስከ 46 ሴንቲ ሜትር። የሰው ደረት ያን ያህል ወፍራም አይደለም፤ ግን አረር ሁልጊዜ ፊት ለፊት አይገባም። ክንድ ሊቀድመው፣ በጎን ሊገባ ይችላል፤ ማያሚ ላይ የሆነውም ይኸው ነው።

አሁን ቁጥሮቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። 124 ግሬን 9 ሚሊ በሰከንድ 350 ሜትር ገደማ ሲበር 490 ጁል ይይዛል። 180 ግሬን 40 በ308 ሜትር 550 ጁል፤ 230 ግሬን 45 በ271 ሜትር እንዲሁ 550 ጁል ግድም። ሦስቱም በደህና ጥይት የ12 ኢንቹን ደጃፍ ያልፋሉ። የጁሉ ልዩነት ብዙ ቢመስልም በሽጉጥ ፍጥነት ጁል ብቻውን የሚሠራው ጥቂት ነው። የጠመንጃ ጥይት ሲያልፍ ሥጋውን በፍጥነት ገፍቶ ይቀደዋል፤ የሽጉጥ ሲሆን ሥጋው ተለጥጦ ይመለሳል። የሚቀረው አረሩ ራሱ የነካው መስመር ነው። ስለዚህ «በአንድ ጥይት ወደ ኋላ ይወረውራል» የሚባለው የፊልም ነው። ልቡ የተመታ ሰው እንኳ አንጎሉ ውስጥ ባለው ኦክስጅን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ሊንቀሳቀስ ይችላል።

ኤፍቢአይ ራሱ ዞሮ ዞሮ የተመለሰው ወደ 9 ነው። ከማያሚ በኋላ ወደ 10 ሚሊ ሄደ፤ ርግጫው ለብዙ ወኪሎች ስለከበደ ባሩዱ ተቀነሰ፤ ከተቀነሰው 10 ሚሊ በ1990 አጠር ያለው 40 ኤስ ኤንድ ደብልዩ ተወለደ። ኤፍቢአይ 40ን በ1997 ያዘ፤ በ2014 ደግሞ የሥልጠና ክፍሉ ባወጣው ጽሑፍ 9 ሚሊን መረጠ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በሠለጠነ ሰው እጅም ቢሆን ከሚተኮሰው ብዙው ይስታል፤ ርግጫው ያነሰ መሣሪያ ደግሞ ሁለተኛውን ጥይት ቶሎ ኢላማው ላይ ያደርሳል።

ለእርስዎ የምንመክረው መካከለኛ መጠን ያለው 9 ሚሊ ነው። ግሎክ 17 ካርታው (የጥይት መያዣው) 17 ጥይት ይይዛል፣ በ40 የሚሠራው ግሎክ 22 15፣ በ45 የሚሠራው ግሎክ 21 13። ጥይቱ ፌዴራል ኤችኤስቲ 124 ወይም 147 ግሬን፣ ስፒር ጎልድ ዶት 124፣ ወይም ሆርናዲ ክሪቲካል ዱቲ 135 ይሁን። ከእነዚህ መካከል የትኛው ይሻላል ብሎ መከራከር ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ሽጉጥዎ ሳይነክስ የሚተኩሰውን ይያዙ። 45 ያለው ሰውም ሸጦ 9 መግዛት አይጠበቅበትም፤ በደንብ የሚመታበት ከሆነ ጥሩ ጥይት ይግዛበት፣ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጋርላንድ፣ ቴክሳስ ነኝ። ቦርሳዬ ውስጥ የሚገባ ትንሽ 380 ገዛሁ። ባለቤቴ «እሱማ መጫወቻ ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው? ደግሞስ ትንሽ ሆኖ ለምንድነው እጄን የሚመታኝ?

መልስ፦ መጫወቻስ አይደለም። ግን 380 ላይ ችግሩ መከፈትንና ጥልቀትን በአንድ ላይ አለማግኘትዎ ነው። 90 ግሬን አረር በሰከንድ 300 ሜትር ገደማ ቢበር 270 ጁል ነው፤ ከ9 ሚሊው ግማሽ ብዙም አይበልጥም። በዚህች ጉልበት አረሩ በደንብ ከተከፈተ 8 ወይም 9 ኢንች ገብቶ ሊቆም ይችላል፤ ካልተከፈተ ደግሞ እንደ ድፍን ሆኖ ጠልቆ ይገባል። በሁለት ኢንች ተኩል አፈሙዝ ፍጥነቱ ሲቀንስ ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ በ380 ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው ጥልቀት ነው። ለዚሁ ተብለው የተሠሩ አሉ፤ ለምሳሌ የፌዴራል 99 ግሬን ሃይድራ ሾክ ዲፕ። ሳጥኑ ላይ ትልቅ የጁል ቁጥር ጽፎ ቀላልና ፈጣን አረር የሚሸጥልዎትን ይለፉ።

እጅዎን የሚመታዎ ሽጉጡ ቀላል ስለሆነና ምናልባትም አሠራሩ ብሎውባክ የሚባለው ስለሆነ ነው። በዚህ አሠራር አፈሙዙ አይቆለፍም፤ ጉልበቱን የሚይዘው የላይኛው ተንሸራታች ብረት ክብደትና የምንጩ ጥንካሬ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ወደ ኋላ ለመሳብም የሚያስቸግረው። የሚቆለፍ አፈሙዝ ያለው 380፣ እንደ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዜድ ያለው፣ በለስላሳ እጅም ይሳባል፤ ርግጫውም ቀላል ነው፤ ካርታው 8 ይይዛል። የእጅ አንጓ ሕመም ለሌለባት ሴት ግን ትንሽ 9 ሚሊ ተኩሰው ይሞክሩ እንላለን። በቦርሳ ከሆነ ሽጉጡ ቃታውን የሚሸፍን ማኅደር ውስጥ፣ ሌላ ምንም ዕቃ በማይገባበት ኪስ ይቀመጥ። ቁልፍና ሊፕስቲክ ያለበት ቦርሳ ውስጥ ያለ ማኅደር የተወረወረ ሽጉጥ ከካሊበሩ ሁሉ የበለጠ ያሳስባል።

ጥያቄ፦ ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው የምኖረው፤ እድሜዬ ሰባ አልፏል። አጭር 38 ስፔሻል ሪቮልቨር አለኝ። ልጆቼ «ጋሼ፣ ይሄ አሮጌ ነገር ነው፣ ቀይረው» ይሉኛል። ክረምት ላይ ሰው ሁሉ ድርብርብ ለብሶ ነው የሚሄደው፤ ጥይቱ ያልፋል?

መልስ፦ ያልፋል ጋሼ፤ ጥይቱን ከመረጡ። ወፍራም ልብስ አረሩን አያቆመውም፤ የሚያደርገው ጎድጓዳውን መወተፍ ነው። ጃኬትና ሹራብ ቆርሶ የሞላ ሆሎ ፖይንት አይከፈትም፤ ድፍን ሆኖ ይቀጥላል። ሁለት ኢንች ገደማ ባለው አፈሙዝ 38 የሚወጣው በዝግታ ስለሆነ ይህ በእሱ ላይ ይበዛል።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ለአጭር አፈሙዝ ተብሎ የተሠራው ስፒር ጎልድ ዶት 135 ግሬን ፕላስ ፒ ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው ለወረቀት ኢላማ ብቻ የሚመስለው 148 ግሬን ዋድካተር ነው፤ አፍንጫው ጠፍጣፋ፣ እርሳስ ብቻ። አይከፈትም፣ ስለዚህ የሚወተፍ ነገር የለውም፤ ጠርዙ ስለታም ስለሆነ ሙሉ ወርዱን ይቆርጣል፤ ከ12 ኢንች በላይ ይገባል፤ ርግጫውም ለሰባ ዓመት እጅ ይመቻል። ጉድለቱ አንድ ነው፦ ፊቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ሲጣደፉ ወደ ሪቮልቨሩ ቀዳዳዎች አይገባልዎትም። ብዙዎች መጀመሪያ ዋድካተር፣ ለትርፍ ደግሞ ሾጠጥ ያለ ጥይት የሚይዙት ለዚህ ነው።

ፕላስ ፒ ማለት ከመደበኛው በላይ ግፊት ያለው ነው፦ መደበኛው 38 ጣሪያው 17,000 ፒኤስአይ፣ ፕላስ ፒው 20,000። የእርስዎ አፈሙዝ ላይ ፕላስ ፒ የሚል ካልተቀረጸ አይተኩሱበት። «357 ማግነም» የሚል የተጻፈበት ሪቮልቨር 38ንም ይተኩሳል፤ 38ቱ ግን 357ን አይተኩስም፤ ቀለሁ ስለሚረዝም አይገባም፣ በግድ የገባ እንደሆነም እንዳይተኩሱ። ሪቮልቨርዎ በጣም ቀላል፣ የአሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ይህን ፈተና ያድርጉ፦ አምስት ይሙሉ፣ አራቱን ይተኩሱ፣ አምስተኛውን አውጥተው ካልተተኮሰ አዲስ ጥይት አጠገብ ያቁሙት። ረዝሞ ከተገኘ በርግጫው ብዛት አረሩ ከቀለሁ እየወጣ ነው፤ ትንሽ ሲቆይ ሲሊንደሩን ይይዘውና ሽጉጡ አልዞርም ይላል። ያንን ጥይት ይተዉት፣ ሌላ ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ አትላንታ፣ አፓርታማ። ግድግዳ አልፎ ጎረቤት የማይመታ ካሊበር የትኛው ነው?

መልስ፦ የለም። የአሜሪካ የውስጥ ግድግዳ ግማሽ ኢንች ጂፕሰም በሁለት ወገን፣ በመካከሉ ባዶ ነው። ሰውን ለማቆም የሚበቃ የሽጉጥ ጥይት ሁሉ፣ 380ም ይሁን 45፣ ይህን አልፎ ቀጣዩንም ያልፋል። የባሰው፣ ጂፕሰሙ የሆሎ ፖይንቱን አፍ ስለሚሞላው ከግድግዳው ማዶ ብዙ ጊዜ እንደ ድፍን ይሄዳል። ሆሎ ፖይንት የሚረዳው ኢላማውን ሲመታ ነው፤ እዚያው ይቆማል ወይም ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ድፍን 9 ሚሊ ግን ከ24 ኢንች ጄላቲን በላይ ያልፋል። ለመለማመጃ የተገዛውን ድፍን ቤት ውስጥ አጉርሶ ማስቀመጥ የማይመከረው በዚህ ነው። «ግድግዳ ላይ ይበተናል» እየተባሉ የሚሸጡት ቀላልና ተሰባሪ አረሮች ደግሞ ሰውም ላይ ቶሎ ይበተናሉ፤ ማያሚን ያስታውሱ። ከጥይቱ ይልቅ ማእዘኑን ይምረጡ፦ ቀን ላይ በክፍሉ ዙሩ፤ የልጆች አልጋ፣ የጎረቤት ሳሎን በየትኛው በኩል እንደሆነ ይወቁ፤ ወደየት እንደማይተኮስ አስቀድሞ ይወሰን።

ጥያቄ፦ ሲያትል። አንድ ሰው አገር ቤት የለመድነውን ማካሮቭ ሊሸጥልኝ ነው። እሱም 9 ሚሊ ነው፤ የወንድሜን የግሎክ ጥይት ይወስዳል?

መልስ፦ አይወስድም። የግሎኩ 9 በ19 ነው፤ አረሩ 9.01 ሚሊ ሜትር፣ ቀለሁ 19። ማካሮቭ 9 በ18 ነው፤ ቀለሁ በ1 ሚሊ ሜትር ሲያጥር አረሩ ወፍሮ 9.27 ይሆናል። 380 ደግሞ 9 በ17 ነው። 380 ማካሮቭ ውስጥ ገብቶ ሊተኮስ ይችላል፤ ግን አረሩ ቀጥኖ አፈሙዙን ስለማይሞላው የትም ይሄዳል። 9 በ19 ግፊቱ ማካሮቭ ከተሠራበት እጅግ ይበልጣል፤ በግድ አይሞከርም። ሳጥኑ ላይ ያለውንና አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ማካሮቭ ሽጉጡ ጠንካራ ነው፤ ጉልበቱ ከ380 ጥቂት ከፍ ይላል፤ አሜሪካ ውስጥ ሆሎ ፖይንቱ ግን እንደ 9 በ19 በየመደርደሪያው አይገኝም። ለቅርስ ይግዙት፤ ለመከላከያ 9 በ19 ይያዙ።

ጥያቄ፦ ሽጉጥ ለመያዝ ግሪን ካርድ ይበቃል? ወደ አዲስ አበባ ስሄድስ?

መልስ፦ በፌዴራል ሕግ ቋሚ ነዋሪ መግዛት ይችላል። በጎብኚ፣ በተማሪ ወይም በጊዜያዊ ሥራ ቪዛ ያለ ሰው ግን በጠባብ ልዩ ሁኔታ ካልሆነ በቀር ሽጉጡን ብቻ ሳይሆን ጥይቱንም መያዝ ወንጀል ነው። የመሣሪያ ወንጀል ፍርድ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ከአገር ሊያስባርር ይችላል፤ «ቀላል ጥፋት ነው፣ እመን» የሚል ጠበቃ ካጋጠመዎት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳይጠይቁ አይፈርሙ። ኒው ጀርሲ በሆሎ ፖይንት ላይ የራሱ ገደብ አለው፤ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ካርታውን 10 ላይ ይወስኑታል። ድንበር ሲሻገሩ የክፍለ ግዛቱን ሕግ በዚያው ሳምንት ያንብቡ። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያም ጥይትም ማስገባት የተከለከለ ነው። ሻንጣ ከመዝጋትዎ በፊት የጃኬትና የስፖርት ቦርሳ ኪሶችን ይፈትሹ፤ ከተኩስ ልምምድ የተረፈች አንዲት ጥይት ኤርፖርት ላይ ብዙ ታስወራለች።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ ከሽጉጤ ጥይቱን አውጥቼ ጠዋት መልሼ አጎርሳለሁ። ከጥይቶቹ አንዱ አጠር ያለ መሰለኝ። ዓይኔ ነው?

መልስ፦ ዓይንዎ አይደለም። ተንሸራታቹ ብረት በምንጩ ኃይል ተወርውሮ ጥይቱን ሲያጎርስ የአረሩ አፍንጫ ከመግቢያው ጋር ይጋጫል። ያው አንድ ጥይት በየቀኑ ሲመላለስ አረሩ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ቀለሁ ውስጥ ይሰምጣል። ቦታው ሲጠብ ባሩዱ ሲነድ ግፊቱ ይጨምራል፤ 40 ላይ በተለይ ቶሎ ወደ አደጋ ይደርሳል።

መለካቱ አያስቸግርም። ከዚያው ሳጥን ያልተነካ አዲስ ጥይትና ያጎረሱትን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ያቁሙ፤ ከላያቸው ማስመሪያ ያጋድሙ። ማስመሪያው ወደ አንዱ ካዘነበለ በካሊፐር ይለኩ። የ9 ሚሊ ከፍተኛው ርዝመት 29.69 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሆሎ ፖይንቶች ግን ከዚህ ያጥራሉ፤ ስለዚህ ማመሳከሪያዎ መጽሐፍ ሳይሆን የራሱ የሳጥኑ አዲስ ጥይት ይሁን። ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ያጠረውን አይተኩሱት፤ የተኩስ ሜዳው ላይ የተበላሸ ጥይት ማስቀመጫ ይሰጡታል። ዘዴው በየጊዜው ያንኑ አለማጉረስ ነው፦ የወጣውን ካርታው ሥር ያስገቡት፣ ከላይ ሌላ ይምጣ። ከዚያ የሚሻለው ደግሞ ሽጉጡን እንደ ጎረሰ ፈጣን መክፈቻ ባለው ትንሽ ካዝና ውስጥ ማኖር ነው። በዓመት አንዴ የያዙትን ጥይት ሜዳ ወስደው ተኩሰው ይጨርሱና አዲስ ሳጥን ይክፈቱ። አዲሱንም ቢሆን ከየካርታው ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር ሳይተኩሱበት አያምኑት፤ በተለይ ድሮ ለድፍን ጥይት በተሠራ 45 ላይ የሆሎ ፖይንቱ ሰፊ አፍ መግቢያው ላይ ይሰነቀራል። መሣሪያ ሲያጸዱ ዘይት ጥይቱ ላይ እንዳይፈስ፤ ከቀለሁ ሥር ያለው ማቀጣጠያ ውስጥ ከሰረገ ቃታው ሲሳብ የሚሰማው «ጠቅ» ብቻ ነው።